ያልተፈታው ፌስታል

ቆጣሪያችንን አይቶት የማያውቀው ሰው ያንን ቁጥር ከየት አመጣው? ከወጣትነቴ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲ.ኤም.ሲ ለምኖርበት ቤት የመብራት ሂሳብ መጣልኝ። ወሩን ሙሉ ቤቴን ዘግቼ ኮተቤ ታላቅ እህቴ ብርቄ ዘንድ ነበር የከረምኩት፤ ሂሳቡ ግን ከወትሮው እጥፍ ነው። ወረቀቱን እንደያዝኩ ያ የድሮ ንዴት ከነሙሉ ጉልበቱ ተነሣብኝ።

ያን ጊዜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ እንጦጦ ሥር ባለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቀን ቀበና አንድ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ሲመሽ እማራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ባቀፉበት ዕድሜ ነው። አባቴን ለምና፣ «እኔ አስተምራታለሁ» ብላ ከአገር ቤት ያመጣችኝ ብርቄ ናት። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ለኔ ተራ ፈተና አልነበረም፤ የእህቴ ቃል ነበር።

በግቢው ያለን ተከራዮች ሁሉ የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። እሱም ያለ ክዳን አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ገና በሚያዝያ ስለጠና፣ ውሃ እንዳይገባበት ብዬ በጥቁር ፌስታል ጠቀለልኩትና ላውንደሪ ውስጥ የደንበኛ ልብስ እንደማስረው አድርጌ በሲባጎ አሰርኩት። ያንን አስተሳሰር ሌላ ሰው ፈትቶ መልሶ ቢያስረው ሳልነካው አውቀዋለሁ።

ግንቦት ላይ ሂሳቡ መጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። አከራያችን ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን ይዘው መሐል ግቢ ቆሙ።

«ማነው ይህን ሁሉ የበላው?»

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ገብስ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ፣ «ምሁሯን ጠይቋት እንጂ» አሉ። «አገር ምድሩን አንብባ ልትጨርስ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ሁሉም ወደ ክፍሌ በር ዞሩ።

«ቆጣሪው አልተነበበም» አልኩ። «ፌስታሉ እንዳሰርኩት ነው። ሂዱና እዩት።»

«ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ከዚያ ክፍሌ ገብተው በርጩማ ላይ ወጡና፣ ትኩስ ስለነበር በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አምፖሌን ፈቱት። «እስኪጣራ ነው። አትቀየሚኝ።» ኩራዝ እንዳላበራም ከለከሉኝ፤ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፣ እሳት ይፈራል።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ሂሳብ ወደሚከፈልበት ቢሮ ወረድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ቆጣሪው እንዳልተነበበ በምን አወቅሽ?»

«ያሰርኩት ፌስታል አልተፈታም። ደግሞም አንዲት አምፖል ይህን ያህል አትበላም። እኔ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዤ ነው የምውለው፤ አውቃለሁ።»

ወደ ባልደረባው ዞረ። «ስማ፣ ፌስታል ለምስክርነት ቀርቦልናል።» ተሳሳቁ። ከዚያ ወደኔ መለስ ብሎ፣ «መጀመሪያ ክፈሉ። ትርፍ ከሆነ ተቀማጭ ሆኖ ይያዝላችኋል፤ የትም አይሄድም» አለኝ።

ከፈልን። የኔ ድርሻ ከሁሉም በለጠ፤ አንባቢዋ እኔ ነኛ። እስከ ፈተናው ድረስ ጎህ ሲቀድ ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ሲዘንብ ደግሞ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አነበብኩ። አልበቃም። ወደቅኩ።

ብርቄ ውጤቱን ስትሰማ፣ «ፈርተሽ ነው። እኔን ካባባ ፊት አዋረድሽኝ» አለችኝ። የሆነውን አልነገርኳትም። አምፖሌን ወስደውብኝ ነው ማለት የሰነፍ ምክንያት መሰለኝ።

መስከረም ሲጠባ ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ሲባጎውን ራሴ ፈታሁለት። እውነቱ ያን ቀን ወጣ፤ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ካስከፈሉን በእጅጉ ያነሰ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት የሚመጣልን ሂሳብ ከዚያው ከተቀማጩ እየተቀነሰ ምንም ያህል አልነበረም። ግቢው ደስ አለው። እኔም አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አምፖሌን ቦታው ተሰቅሎ አገኘሁት። ማን እንደሰቀለው የነገረኝ የለም፤ ይቅርታ ያለኝም የለም። ገንዘቡስ ተቀማጭ ሆነላቸው፤ የኔ ዓመት የት ተቀመጠ? በኋላ ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩ፣ ብዙም ተማርኩ። ያ ሳቅ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ብርቄ በቤተሰብ ጨዋታ መሐል «ሚኒስትሪ ፈርታ የወደቀችው እህቴ» ማለቷን እስካሁን አልተወችም። ባለፈው ሳምንት ልከፍል ስሄድ አብራኝ መጣች። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ናት፤ «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግረኝ።

«መጀመሪያ ይክፈሉ እናቴ። ትርፍ ካለው ተቀማጭ ይሆንልዎታል።»

ብርቄ ቦርሳዋን ከፈተች። «ክፈዪና እንሂድ፤ ጉልበቴን አሞኛል።»

እዚያው ሰልፉ መሐል፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፌስታሉን፣ በነጠላ የተያዘውን አምፖል፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ። ከኋላችን የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ብርቄ ወደኔ ዞረች።

«ይህን ሁሉ ዘመን እንደዚያ ስልሽ?»

«ይህን ሁሉ ዘመን።»

ቦርሳዋን ዘጋች። ዱላዋን እየተመረኮዘች ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ከዚያ ሆና ወደ ልጅቷ ተጣራች።

«እኛ አንከፍልም። ቆጣሪውን የሚያይ ሰው ላኪ፤ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

ከጎኗ ሄጄ ተቀመጥኩ።