ዲቪ ያልደረሰው ጎረቤታችን

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ሰው ዕቃውን ማደል ከጀመረ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፦ ዲቪ ደርሶታል። ስለዚህ ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ካውያውን ለእናቴ፣ ካፖርቱን ለዘበኛው ሲሰጥ፣ ግቢው በአንድ ድምፅ አሜሪካ ላከው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ መብላት ትቷል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ቀልዱም ጠፍቷል። ይህንንም ተርጉመነዋል፤ የኤምባሲው ቀጠሮ አስጨንቆት ነው።

አንዲት ጎረቤታችን አሜሪካ ላለው ልጃቸው ሽሮና በርበሬ አሽገው አስረከቡት። ተቀብሎ ወደ ቤቱ አስገባው። እኔ ደግሞ ያለ ምንም እፍረት፣ "ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑን ለማን አሰቡት?" አልኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባለበርበሬዋ፣ "ለመሆኑ ስንት ኪሎ ይፈቅዱልሃል?" አሉት።

"እኔ የምሄድበት ኪሎ አይጠይቁም" አለና ወደ ቤቱ ገባ።

ሳቅን። እኔማ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ተከትላው ገባች። እኔም የቴሌቪዥኑ ነገር ሊነሳ ይሆናል ብዬ ከኋላዋ ገባሁ።

አጠገቡ ተቀመጠችና፣ "ወንድሜ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?" አለችው።

ደንግጬ ቀሚሷን ጎተትኳት። እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ! ያላሰበውን ልታሳስበው ነው ብዬ ተናደድኩባት።

እሱ ግን አልተቆጣም። "አስቤያለሁ፣ እትዬ" አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ያን ቀን ክፉኛ ፈራሁ።

እናቴ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም። ወንድሙን እንድጠራ እኔን ወደ ሰንጋ ተራ አስሮጠችኝ፤ ወንድሙ እንደ መጣም ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሕክምናው ወራት ፈጀ። ባለበርበሬዋ ጉዞው የተሰረዘ መስሏቸው ኤምባሲውን ሲራገሙ ከረሙ።

በመጨረሻ መብላትም መቀለድም ጀመረ። አንድ ቀን በረንዳችን ላይ ተቀምጦ እናቴን እንዲህ አላት፦

"እትዬ፣ ያን ሰሞን ሰዉ ሁሉ ስለ አሜሪካ ጠየቀኝ። ስለ እኔ የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ክር አልነበረውም።