የአክስቴ አይዞሽ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር «አይዞሽ» የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። እንቅፋት ለመታው አይዞህ ነው፣ ምጥ ለያዛት አይዞሽ ነው። ሐዘንተኛ በእሱ ይጽናናል፤ እንግዳም አፍሮ እጁን ከገበታ ሲሰበስብ «አይዞህ፣ ብላ እንጂ» ይባላል። አባቴ ደግሞ ጠበኛ ጎረምሳ ባየ ቁጥር «አይዞህ ባይ አግኝቶ ነው» ይል ነበር። እኔ ከሁሉም የማምነው የአክስቴን አይዞሽ ነበር። እናቴ ስትቆጣኝ ሮጬ አሪቲ አሪቲ የሚሸተው የአክስቴ ቀሚስ ውስጥ እሸጎጣለሁ፤ «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል» ስትለኝ ልቤ ይረጋል።

ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፣ እኩዮቼ ድዳቸውን መነቀስ ጀመሩ። ያኔ ድዷ ያልጠቆረ ልጅ ስትስቅ እንኳ አፏን ትሸፍን ነበር። እኔ ግን የጎረቤታችን ልጅ ከንፈሯ አብጦ አጥሚት መዋጥ ሲያቅታት አይቻለሁና «ሞቼ እገኛለሁ» አልኩ። አክስቴን አስማልኳት። «አንቺ እምቢ ካልሽ ማን አባቱ ይነቅስሻል? አይዞሽ» አለችኝ፤ ማርያምን ብላ ማለችልኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ቀሐ ወንዝ ወርደን ልብስ አጥበን እንምጣ» አለችኝ። ጥቅሉን ተሸክሜ እየዘለልኩ ተከተልኳት። ወንዙ ሳንደርስ «ውሃ ጠጥተን እንለፍ» ብላ አንድ ቤት አስገባችኝ። ነቃሿ ሴትዮ መርፌዎቿን በክር አስራ፣ ጥላሸቱን በጥብጣ ትጠብቀናለች። እናቴም ቀድማን ደርሳ ኖሯል፤ ከኋላዬ በሩን ዘጋችው።

ማን ያዘኝ መሰላችሁ? እሷው፣ አክስቴ። ራሴን በጉልበቶቿ መሀል ቆልፋ፣ በዚያው በለመድኩት ድምፅ «አይዞሽ፣ የኔ ሸጋ፣ አይዞሽ» ትለኛለች። የመርፌውንስ ሕመም ረስቼዋለሁ፤ ሳለቅስ የያዙኝ እጆቿ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጡም። ጎረቤቱ ሁሉ «አማረባት» ሲል ከረመ። እኔ ከዚያ በኋላ እናቴ ስትቆጣኝ ቆሜ ቁጣዋን እቀበል ነበር እንጂ ወደ አክስቴ አልሮጥኩም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼን ሐኪም ቤት ስወስድ ነርሷ «ትንሽ ያማል» ብላ ቀድማ ትነግራቸዋለች። ያለቅሳሉ፤ ግን ያታለላቸው የለም። እቀናባቸዋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

አክስቴ አርጅታ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ልትሆን በተቀጠረችበት ቀን እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «ያማል እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ።

«ያማል፣ እቴቴ» አልኳት።

«ምነው፣ እስከ ዛሬ ቂም ይዘሽብኛል?» አለች።

እጇን እንደያዝኩ አብሬያት ገባሁ።