ገደል ላይ የቀረው ግልገል

ልጅ ሳለሁ ተረት መጨረሻ እንዳለው አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ተረት የሰማሁት በድርቁ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ነው፤ ተረት ነጋሪያችን አያ ጓዴም አንዱንም ጨርሰውልን አያውቁም። አንበሳው እንደታመመ፣ ቀበሮው ጉድጓድ እንደገባ፣ ጦጣዋ ዛፍ ላይ እንዳለች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ መሸ» ይሉና ዝም ይላሉ። ያኔ እሳቱም አብሯቸው ዝቅ የሚል ይመስለኝ ነበር።

እሳታችን ከታጨደ ማሳ የምንለቅመው የማሽላ አገዳ ነበር። አገዳ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ይከስማል፤ ፍሙ አይቆይም፣ ጭሱ ግን ልብስ ላይ ያድራል። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ጭሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ከዚያ በኩል የሕሙማኑ ድንኳን ፋኖስ ይታየኛል፤ እናቴ እዚያ ነበረች። ከወገራ በእግር ነው የመጣነው። አባቴ መንገድ ላይ እንዴት እንደቀረ በደንብ ስለማላስታውስ አልጽፈውም። እናቴ ግን ሰፈሩ ከደረስን በኋላ ታመመች፣ በሽታው ይጋባል ተብሎም ልጅ ወደዚያ ድንኳን አይቀርብም ነበር። ልትገባ ስትል ፊቷን ወደኔ መልሳ «እስክመጣ ከእታለም ዘነቡ እንዳትለይ» አለችኝ። እታለም ዘነቡ ከኛ ጋር ከአንድ ቀበሌ የተሰደደች ጎረቤታችን ናት።

አያ ጓዴ የጃናሞራ ሰው ነበሩ። ከደጃቸው ሆነው ዋልያ ገደል ላይ ሲቆም እያዩ ነው ያደጉት። እኛ ባለንበት አገር መሬቱ ጥቁርና ዝርግ ስለሆነ ገደል የሚባለውን ለማሳየት እጃቸውን አቁመው፣ በሌላው እጃቸው ሁለት ጣት እየረገጡ ይወጡበት ነበር። ጣቶቻቸው ሲንሸራተቱ እንጮሃለን።

ከሁሉ የያዘኝ የዋልያዋ ተረት ነው። እናት ዋልያ ግልገሏን ገደል ወገብ ላይ ካለች ጠባብ እርከን አስቀምጣ «እስክመጣ እንዳትነቃነቅ» ትለውና ሣር ፍለጋ ወደ ላይ ትወጣለች። ጉም ይወርዳል። ግልገሉ እግሩን እንኳ ማየት ይሳነዋል። እንግዲህ መሸ። ይህን ተረት ደጋግመን አስነግረናቸዋል፤ ግልገሉ ሁልጊዜ እዚያው ነው።

አንድ ምሽት እታለም ዘነቡ ታከታት መሰለኝ፣ «አያ ጓዴ፣ ልጆቹን እንዲህ አያንጠልጥሏቸው። ይዝጉላቸው እንጂ» አለች።

«በምን አፌ ልዝጋው? ተረት ሲያልቅ ምን ይባላል?»

«‹ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ› ነዋ።»

«እና ከነዚህ ልጆች ዳቦ ልለምን?»

እታለም ዘነቡ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እንግዲያው የእርዳታው ስንዴ እስኪመጣ ጦጣዋ ዛፍ ላይ ትደር።»

«ትደር። ከእኛ ትሻላለች፤ ቅጠል አላት» አሉ አያ ጓዴ።

ትልልቆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አዲስ ነገር ተምሬ ነበር። ተረት መጨረሻ አለው፤ መጨረሻው የሚመጣው ግን ዳቦ ሲኖር ነው። ከዚያም አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብኩ ሄድኩ። ተረቱ ካለቀ እናት ዋልያ ትመለሳለች፤ እሷ ከተመለሰች እናቴም ከድንኳኑ ትወጣለች። ዛሬም ሳስበው በልጅ አእምሮ ስሌቱ እንከን አልነበረውም።

ዳቦ አልነበረንም። ለልጆች የሚታደል ደረቅ ብስኩት ግን ነበር፤ ቆመን፣ አዳዮቹ እያዩን ነው የምንበላው። አንድ ቀን እኔ ግማሹን ጉንጬ ውስጥ ይዤ፣ ዞር ስል አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ቋጠርኩት። በዚያው ምሽት ወደ አያ ጓዴ ሄድኩ። ሌሎቹ ልጆች አልመጡም ነበር። እታለም ዘነቡም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከድንኳናችን ደጅ ተቀምጣ ነበር፤ ሳልፍ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። አያ ጓዴ ብቻቸውን ነበሩ፤ አገዳው ጨሶ አላለቀም።

«ምንድን ነው?» አሉኝ ብስኩቱን ስዘረጋላቸው።

«ዳቦ ነው። አፍዎን ላብስልዎትና የዋልያዋን ይጨርሱልኝ።»

ብስኩቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ተቀበሉኝ፤ በጥፍሮቻቸው ውስጥ ጥቁር አፈር ነበር። ብስኩቱን ከንፈራቸው ላይ አስነክተው መለሱልኝና «ብላ። እየበላህ ስማ» አሉ።

«ጉሙ ተገፈፈ። እናትየው አልመጣችም። ግልገሉ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ከታቹ ገደል ነው፣ ከላዩም ገደል ነው። ኋላ አንድ እግሩን አነሳ። ደግሞ ሌላውን አነሳ። ወጣ።»

«እናቱስ?»

«እሱ ግን ወጣ» አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

ውሸት ነው ብያቸው ተነሥቼ ሄድኩ። በማለዳ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ሽማግሌዎች ከፊት ሆነው ወደ ድንኳናችን መጡ፤ የእናቴን መርዶ ነገሩኝ። አላለቀስክም ይሉኛል። እኔ የማስታውሰው አፌ ውስጥ የብስኩቱ ጣዕም እንደነበር ነው። ተረቱን ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ባላስጨርሰው ኖሮ ግልገሉ እየጠበቀ፣ እናቴም ልትመለስ እንደተነሣች ትቆይ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዝናቡ ሲመለስ አያ ጓዴ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ደርሰው እንደሆነ የነገረኝ የለም። እታለም ዘነቡ ገዳሪፍ ከተማ ገብታ በእህል ገበያው ዳር ሻይ እየሸጠች አሳደገችኝ። ማታ ለጎረቤት ልጆች ተረት ስትጀምር እኔ ተነሥቼ እወጣ ነበር፤ ገበያው ተዘግቶ፣ የጭነት መኪኖቹ ተደርድረው፣ ብቻዬን በመካከላቸው እመላለሳለሁ። ልጁ ተረት አይወድም ተብሎ ታለፈ።

ዋልያ ወደ ሕይወቴ የተመለሰው ካደግሁ በኋላ ነው። የከተማችን አበሾች ማኅበር ወጣቶችን ወደ ስሜን ሊልክ ተነሣ። የቀሩት ዋልያዎች ጥቂት ናቸው፤ ተራራውን ለሚወጣ ሰው ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ይገባለታል፣ የተገኘውም ለዋልያዎቹ ጥበቃ ይውላል። ስሜን የሚለውን ስሰማ እጄ ከኔ ቀድሞ ተነሣ። ከዚያ መጠራጠር ጀመርኩ፣ እንደ ልማዴ። ጫማዬን በየማታው ፈተሽኩ። የሰሊጥ ጆንያ በከፊል ሞልቼ ተሸክሜ በገበያው ዙሪያ ተራመድኩ። ዓርብ ዓርብ፣ ሥራ ሲዘጋ፣ ከከተማው ዳር ካለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ እንለማመድ ነበር፤ ሱዳኖቹ ጀበል ይሉታል። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጠባብ እርከን አለ። እዚያ ስደርስ እግሬ ይቆማል። ትንፋሽ አላጠረኝም፣ ጉልበት አላነሰኝም፤ በቃ አልነቃነቅም። ሌሎቹ በጎኔ እያለፉ ይወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ሲሳሳቁ እየሰማሁ እኔ ድንጋዩን ይዤ እቆያለሁ፣ ከዚያም ብቻዬን እወርዳለሁ።

ከኔ ጋር ሰሊጥ የሚጭነው ሱዳናዊ ጓደኛዬ ኡስማን ከሥር ተጋድሞ ያየኛል። «ያ ዞል፣» ይላል፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው፤ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ፍየሉ ራሱ ይወጣል። አንተ ምን አገባህ?»

አሰልጣኛችን ግን አልቀለደም። «እስከ መጪው ዓርብ ይህችን ጀበል ያልወጣ ስሜን አይሄድም። እዚያ አንዱ ቢቆም ሁሉም ይቆማል» አለን። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ራሴን አልወስድም ነበር።

በዚያ ሳምንት ከሥራ ስመለስ እታለም ዘነቡ በሶዬን እያሸች አገኘኋት። «አታሺ፣ የምሄድ አይመስለኝም» አልኳት። ለምን ስትል ስለ እርከኑ ነገርኳት፤ ከእርከኑም ወደ ግልገሉ፣ ከግልገሉም ወደ ብስኩቱ ሄድኩ። ስናገረው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ተረቱን ባላስጨርሳቸው ኖሮ እናቴ ያን ሌሊት አትሞትም ነበር አልኳት።

እጇ በሶው ውስጥ ቀረ።

«የቱን ሌሊት?» አለች። «እናትህ ያረፈችው ቀን ነው እኮ። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች።»

«ማታ አያ ጓዴ ጋ ስሄድስ?»

«ተቀብራ ነበር። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ልጁ ሌሊቱን ይተኛ ብለን ነገሩን ሸሸግንህ። የሌሎቹንም ልጆች እናቶች ልጆቻችሁን ያዙ፣ ሳያውቁ እንዳይነግሩት አልናቸው። አያ ጓዴ ያን ጊዜ ከመቃብሯ መመለሳቸው ነው። ቆፋሪ ጠፍቶ እሳቸው ናቸው የቆፈሩት።» ቀና ብላ አየችኝ። «የምታውቅ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ዘመን የምታውቅ መስሎኝ።»

ብዙ ነገር የምጠራጠር ሰው ነኝ። በጥፍሮቻቸው ውስጥ የነበረውን አፈር ግን አልጠራጠርም። አያ ጓዴ ልማዱን አልሻሩም፤ መርዶውን ለማለዳው ትተውለታል። ለኔ የነገሩኝ ከማለዳው በኋላ የሚሆነውን ነው፤ በቅጡ ያልሰማኋቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ ጀበሏን ወጣሁ። እርከኑ ላይ እግሬ እንደ ልማዱ ቆመ፤ ጠበቅሁ፤ የሚመጣ እንደሌለ ሳውቅ አንዱን አነሣሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጫፉ ላይ ስቆም ጥቁሩ መሬት እስከ ሰማዩ ዳር ተዘርግቶ፣ ነፋሱ ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ የነበረበትን አቅጣጫ ፈልጌ ፊቴን ወደዚያ አድርጌ ተቀመጥኩ። ኡስማን ከታች ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ነገ ወደ መተማ እንነሣለን። ከዚያ ዘመን ምን ቀረልኝ ብዬ ሳስብ፣ የአገዳው ጭስ፣ የፋኖሱ ብርሃን፣ ራሴ ላይ ያረፈው እጅ ነው። ግልገሉ ወጣ አሉኝ እንጂ እላይ ሲደርስ ምን እንዳገኘ አልነገሩኝም፤ እኔም ሳልጠይቅ ተነሥቼ ሄድኩ። አሁን ብጠይቃቸው በወደድኩ። እታለም ዘነቡ በሶውን ስትቋጥርልኝ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጨመረችበት። «ይህ ላንተ አይደለም፣» አለች፤ «ጃናሞራ ስትደርስ አያ ጓዴ ካሉ አፋቸውን አብስልኝ።» ይኖራሉ ብዬ አላምንም። ቁራሹን ግን እንዳይፈረፈር በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከበሶው ለይቼ፣ ከከረጢቴ አናት ላይ አኖርኩት።