ጨው የሌለበት ገበታ

ጁነይድ በሁለት ነገር ይመካ ነበር፤ የሰፋው ሱሪ ባለመተርተሩና ቤተሰቡ ለእሱ ሲል ጨው በመተዉ። ስለ ሱሪው እውነቱን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሥር ተጋድሜ ስሠራ ጨርቁ ያልቃል እንጂ የእሱ ስፌት አያልቅም። ስለ ጨው ግን ልንገራችሁ።

እኔ ግርማ እባላለሁ፤ መርሳ ውስጥ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ግፊቴ ጨምሮ ስትሮክ መታኝ፤ ጠማማ አፍ ትቶልኝ ሄደ። ጁነይድን ከእኔ ስድስት ወር ዘግይቶ፣ ጥር ላይ መታው። ለሠርግ የታዘዘ ልብስ እየሰፋ ሳለ ግራ እጁ ጨርቁን ለቀቀ። ወልድያ ሆስፒታል አስራ አንድ ቀን ተኝቶ ሲመለስ ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ግራ እጁ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶታል፣ ምላሱም ደንዝዟል። ማርና ኮሶ ቢሰጡኝ አልለይም ይል ነበር።

ድሮም እንተዋወቃለን፤ መርሳ ትንሽ ከተማ ናት። ግን በግፊት መተዋወቅ ሌላ ነው። በጤና ጣቢያው የግፊት ክትትሉን የያዘችው ነርስ ቤዛዊት፣ ለብቻው የሚታከም ሰው ቶሎ ይሰለቻል ብላ ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረችን። አንዱ ሌላውን ኪኒኑን መዋጡን ይጠይቃል፣ ጠዋት አብረው በእግር ይሄዳሉ። ለእኔ ጁነይድ ደረሰኝ። ሱብሂ ሰግዶ መጥቶ በሬን ይቆረቁራል። "ዋጥክ?" "ዋጥኩ። አንተስ?" "ዋጥኩ።" ከዚያ በሲሪንቃ መንገድ እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን።

እንደ እሱ ያለ ታዛዥ ሕመምተኛ አላየሁም። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የቃመውን ጫት በአንድ ቀን ተወ። የበርጫ ጓደኞቹ መጀመሪያ ሊጠይቁት መጡ፣ ቀጥሎ ቀነሱ፣ ኋላ ቀሩ። አልተማረረም። ቤተሰቤ ይበቃኛል አለ።

የቤተሰቡ ነገር እንዲህ ነው። ሐኪሙ ጨው ከልክሎት እንደመጣ ሚስቱ ሲቲ የእሱን ለብቻ አብስላ በትንሽ ሳህን አቀረበችለት። ሌሎቹ ትሪውን ከበው ሲበሉ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ለብቻው ይበላል። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባል የለ፤ እንኳን ሞት ደጁ ደርሶ የተመለሰለት ሰው፣ ጤነኛውም ይህን ይፈራል። ሳምንት ሳይሞላው ሳህኑን ገፍቶ አለቀሰ። ያን ጊዜ ሲቲ ልጆቹን ሰብስባ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጨው የለም፤ አባታችሁ የማይበላውን እኛም አንበላም" አለች። በማግስቱ ሁሉም እንደ ጥንቱ አንድ ትሪ ከበቡ።

ጁነይድ ይህን ያልነገረው ሰው የለም። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ልኩን ከመስጠቱ በፊት የጨዉን ታሪክ ይሰማል። በክትትል ቀን አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ሁሉ፣ "ቤተሰባችሁን ለምኑ፤ የእኔ ልጆች እንኳ ችለውታል" እያለ ይመክራል። እኔን ደግሞ ይተርበኛል። የእኔዋ አሰለፈች በዚህ ነገር ምሕረት የላትም፤ የእኔን በትንሽ ድስት ትሠራለች፣ ለብቻ ታቀርባለች፣ ልጆቿን በዶሮ ወጥ ታጠግባለች። "አንተንማ እንደ ጎረቤት ድመት ጥግ ላይ ያበሉሃል" ይለኛል። እስቃለሁ። አልዋሽም፣ ውስጤን ግን ይከነክነኝ ነበር።

በሰኔ ጾም አንድ ቀን፣ ሽሮ ነው የተሠራው ብሎ ለምሳ ቤቱ ይዞኝ ገባ። ትልቋ ልጁ ኢሕሳንና ሁለት ታናናሾቿ ከበቡ። እነሱ ቢስሚላህ ብለው፣ እኔ በስመ አብ ብዬ ጎረስን። ጨው ነበረው። ጨው ከተወ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ምላስ በዚህ አይሳሳትም፤ ለአመል ያህል ሳይሆን ደህና ተደርጎ ነበረው። ቀና ስል ሲቲ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነው። ልጆቹም ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። ጁነይድ ብቻ ይበላል።

"አየህ?" አለኝ፣ አፉ ሞልቶ። "ለእኔ ብለው ነው። ይለመዳል አይደል?"

"ይለመዳል" አልኩ።

ሲቲ እስከ በር ሸኘችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ወላሂ ሁለት ሳምንት ሞክረናል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ጉርሻ እየጎረሱ ተነሱ። ትሪው ላይ ብቻውን ቀረ። እንዲያ ሆኖ ማየት አቃተኝ" አለች። "ኪኒኑን እንደሆነ አያጓድልም። እሱ አይበቃውም?"

እኔ ምን አገባኝ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ወደ ጋራዤ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ጉራ በዚህ ላይ ነው ለካ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ያን ማታ ከትንሿ ድስቴ ስበላ አላፈርኩም።

የጁነይድ ግፊት ግን አልወርድ አለ። መቶ ሰማንያ በመቶ አስር። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረለት፤ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፣ ግፊቱ ካለበት አልነቃነቅ አለ። መስከረም ላይ ቤዛዊት መለኪያውን ከክንዱ ፈታችና ፊቷን ኮስተር አደረገች።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ኪኒኑን ይዘላሉ?"

"አላህ ምስክሬ ነው፣ አልዘልም።"

"ጨውስ?"

"ጨው ቤቴ የለም።"

"እንግዲያው ጫቱን ጀምረዋል።"

ጁነይድ እጅጌውን አወረደ። "በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም አደረግሽኝ ልጄ" አላት።

እሷም ለስለስ አለች፤ ግን መናገር የነበረባትን አልተወችም። "እንዲህ ከቀጠለ ሁለተኛው ይመጣል። ሁለተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው ላያስነሳዎት ይችላል" አለችው።

ይህን ሁሉ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ። የማየው ጫማዬን ነበር። ስንመለስ፣ "አንተ ታምነኛለህ?" አለኝ። "አምንሃለሁ" አልኩት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ የትኛው ኃጢአቴ ነው ማለትም ጀመረ። አሁን ልንገረው እያልኩ ብዙ ጠዋት እስከ ድልድዩ ሄጃለሁ። ከነገርኩት፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ ይለኛል። አንድ ቀን ያለፈው ዝምታ ሌላ ቀን ይጨመርበታል እንጂ አይቀልም።

ኅዳር ላይ ሐራ ከተማ ያለችው የሲቲ እህት ወለደች፤ ሲቲም አራስ ልትጠብቅ ሄደች። ድስቱ በኢሕሳን እጅ ገባ። ልጅቷ "ሁለተኛው ይመጣል" የሚለውን ከአባቷ አፍ ሰምታ ስትጨነቅ ከርማለች፤ እናቷ በወጣች ዕለት ጨው የሚባል ነገር እሳት አጠገብ አላስደረሰችም። ታናናሾቿ ሲነጫነጩ በዓይኗ ገሠጸቻቸው። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ታኅሣሥ ላይ መቶ ሠላሳ በሰማንያ አራት ሆነ። ቤዛዊት አላምን ብላ ደግማ ለካችው። "ምን ቀየሩ ጋሼ?" አለችው። "ምንም" አላት፣ ጥርሱ አልከደን ብሎት።

በመንገድ ላይ ደስታው እግሩን እንኳ አስረስቶት ነበር። ጮክ ብሎ ያስባል። "ኪኒኑ ያው ነው። መንገዱ ያው ነው። እንቅልፌ እንዲያውም ብሶበታል። የተለወጠ ነገር ቢኖር ሲቲ አለመኖሯ ነው" አለና ሳቀ። "በሽታዬ ጋብቻ ነበር ለካ።"

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ሄደ። እሱም ቆመ።

"ግርማ።"

"አቤት።"

"አንተ ቤቴ በልተሃል።"

"በልቻለሁ።"

"ምላስህ ደግሞ ደህና ነው።" እግሩን እየጎተተ ቀረበኝ። "ጨው ነበረው?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ጠማማ አፍ ውሸት አይከለክልም። ግን ሰውየው እያየኝ ነው።

"ነበረው" አልኩ።

በደህናው እጁ ጣቶች ከሰኔ ጀምሮ ቆጠረ። "ስድስት ወር። ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ ዋጥክ ወይ ትለኝ ነበር።" አልጮኸም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እዚያች ልጅ ፊት ውሸታም ስባል አጠገቤ ነበርክ።"

"አዝነንልህ ነው" አልኩት።

"እኮ" አለ። "እያዘናችሁልኝ ልትቀብሩኝ ነበር።"

ቤቱ ገብቶ ኢሕሳንን ጠየቃት። አልዋሸችውም፤ እያለቀሰች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። ጨዉን አላነሳም፤ የጠየቃት ሌላ ነገር ነው። "እየበላችሁ፣ 'አባ፣ ለአንተ ስንል ለመድነው' ስትሉኝ አትስቁም ነበር?" አላት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ልጅቷ ናት።

ሲቲ ስትመለስ አልተጣላትም፣ አልፈታትም፣ ቃል አልተናገራትም። ከእጇ መብላት ብቻ ተወ። ሱቁ ውስጥ ትንሽ ምድጃ አስገብቶ በአንድ እጁ ምስሩን ይቀቅላል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ለብቻው ይበላል። ሲቲ ጋራዥ ድረስ መጥታ፣ "ጨዉን ሁሉ ደፍቼዋለሁ፣ ንገረው" አለችኝ። ምን ብዬ፣ በየትኛው አፌ ልንገረው? በሬን የሚቆረቁር ከቀረ ቆይቷል። እኔ በሲሪንቃ መንገድ ስሄድ እሱ በውርጌሳ በኩል ይሄዳል።

ባለፈው የክትትል ቀን ከእሱ አጠገብ እንጂ ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረምና ተቀመጥኩ። ደህና አደርክ አልኩት። አልሃምዱሊላህ አለኝ፣ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰው እንደሚባለው። ግፊቱ መቶ ሃያ ስድስት በሰማንያ ሆኗል፤ ግራ እጁም ቁልፍ መቆለፍ ጀምሯል። አሮጌው ካርዱ ስለሞላ ቤዛዊት አዲስ ታወጣለት ነበር።

"በድንገት ቢታመሙ የምንጠራው ሰው ማን ልበል?"

"የለኝም።"

"ኧረ ጋሼ፤ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ…"

"የለኝም አልኩሽ ልጄ።"

ብዕሯን እንደያዘች ወደ እኔ አየች። ያጣመረችን እሷ ናት። ጁነይድም ዞሮ አየኝ፤ አስተያየቱ ሱብሂ ላይ በሬን እየቆረቆረ ያሳጣኝ እንቅልፍ ሁሉ ያህል ረዘመብኝ።

"እሱም በሽተኛ ነው" አላት። "ራሱን ይጠብቅ።"

መስመሩን ባዶ ትታ ካርዱን ሰጠችው።