ሰባት እርምጃ የሚቆይ እንግዳ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ መቀሌ ሓወልቲ አካባቢ ባለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ስድስት ዓመት የተቀመጥሁበትን ወንበር አንድ የማላውቃቸው ሰው አስለቀቁኝ።

ሻይ ቤቷ ያላት የቼዝ ገበታ አንድ ብቻ ነው። ሕጓም አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ እንደ ተቀመጠ ይቆያል፣ ነጩንም ጠጠር የሚይዘው እሱ ነው። ተራ ጠባቂዎች ከወንበሩ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ባለች ረጅም አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ።

እኔ ከደሴ መጥቼ በዚህ በመቀሌ አማርኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮኑ ብቻ ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ እሑድ እሑድ ትደውላለች... የቀሩት ስድስት ቀናት የእኔ ናቸው። እናም እስኪመሽ ድረስ ከፊቴ ሰው እንዳይጠፋ፣ ያችን ወንበር መልቀቅ አልነበረብኝም።

ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ አንድ ወጥመድ ተማርሁ። በአምስተኛው እርምጃ ንግሥቴን ያለ ጠባቂ ትቼ ፈረሴን አነሣለሁ፤ እንደ ተሳሳተ ሰውም ግንባሬን አሻሻለሁ። ተጋጣሚዬ ደስ ብሎት ንግሥቲቱን ይበላል። በሰባተኛው እርምጃ ንጉሡ መሄጃ ያጣል፣ ተጋጣሚዬም ይነሣል።

ወጥመዱ ቀዳዳ እንዳለው አውቃለሁ። ንግሥቲቱን ትቶ በእርጋታ ፈረሱን የበላ ሰው ያሸንፈኛል። ግን የቀረበችለትን ንግሥት የሚተው ስንት ሰው አለ? ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ዓይደር ሆስፒታል ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣው እንግዳ... ሁሉም በላት። የነቃብኝም ከወር በኋላ ተመልሶ ይወድቃል። አልፎ አልፎ የተሸነፍሁ ዕለት፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ ማንንም ሳልሰናበት ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ትናንት የመጡት ሰው በእኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው። የሐኪም ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ከመይ ውዒልኩም» ብለው ጨበጡኝ። ስማቸውን ነገሩኝ፤ ስሜንም ሥራዬንም ጠየቁኝ። ገብሩ ይባላሉ፤ እኔም እንደ አገሩ የአክብሮት ልማድ ኣያ ገብሩ አልኋቸው። አጠገባችን ባለችው የቁሓ ከተማ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ለሕክምና የመጡ ናቸው። ጠጠሮቹን ሲደረድሩ አንዱ ወታደር ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው።

አምስተኛው እርምጃ ደረሰ። ንግሥቴን ተውሁላቸው። እሷን አዩ፣ ፈረሱን አዩ፣ ቀና ብለውም እኔን አዩኝ።

«መምህር፣ ንግሥትዎን የሚሰጡኝ ቶሎ ተነሥቼ እንድሄድልዎ ነው?»

«ኧረ... ስሕተት ነው» አልሁ። በስተርጅና ዋሸሁ።

«እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። በራሱ የተበላሸውንና ሰው ሆን ብሎ የፈታውን እለያለሁ» አሉና ፈረሴን በሉ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱንም በስም አላውቅም። በሰባት እርምጃ ውስጥ ስም መጠየቂያ ጊዜ የለማ። ሰው እንዳይርቀኝ ብዬ የዘረጋሁት ወጥመድ፣ ለካ ሰውን እያስነሣ ሲሸኝ ነው የኖረው።

ጨዋታው ረዘመ። እሳቸው ስለ ልጆቻቸው ነገሩኝ፤ ስለ ባለቤቴም ጠየቁኝ። ስሟን ስነግራቸው ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ... ጮክ ብዬ ከጠራኋት ከርሜ ነበር። ሻዩ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ፣ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በመጨረሻም ተሸነፍሁ።

እንደ ልማዴ ባርኔጣዬን አንሥቼ ልወጣ ስል፣ አንድ መነጽር ያደረገ ተማሪ አግዳሚዋ ላይ ጠጋ አለልኝ። ስንት ጊዜ እንዳሸነፍሁት ቁጥሩን አላውቀውም። «ንዑ መምህር፣ ኮፍ በሉ፤ ይቀመጡ። ከእኔ ቀጥሎ ነዎት።»

ተቀመጥሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የሽምብራ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነበር፤ ለእኔም ደረሰኝ። አንዱ «አከራዬ በር በጊዜ ይቆልፉብኛል» እያለ ያማርራል፣ ሌሎቹ አጥር ስለ መዝለል ይመክሩታል። የባለመነጽሩ ስም መሓሪ ነው። ለእኔም ስም እንዳወጡልኝ ነገረኝ። «‹ሰባት መጣ፣ ሰባት ተቀመጠ› እንላለን... እንዳይቀየሙን» አለ። ሣቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከጀርባዬ የምሰማው ሣቅ ከዚህች አግዳሚ ይመጣ ኖሯል።

ኣያ ገብሩ ሁለት ሰው አሸንፈው የቁሓ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ተነሡ። በስሜ ጠርተው ተሰናበቱኝ። ተራው የመሓሪና የእኔ ሆነ። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ ነጩን ጠጠር በኩሌ አዞረልኝ። «ቦታው የእርስዎ ነው» አለ።

በአምስተኛው እርምጃ እጄ እኔን ሳትጠይቅ ፈረሱን አነሣች።

መሓሪ ንግሥቲቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ። ወጥመዱን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ቢሆንም በላት... አውቶቡስ ላይ ለሽማግሌ ብድግ እንደሚል ልጅ። ሰባተኛው እርምጃ ላይ ተነሥቶ ወደ አግዳሚዋ፣ ወደ ቆሎው ተመለሰ።

ወንበሬን አገኘሁ። ከጀርባዬም ሣቁ ካቆመበት ቀጠለ።

ዛሬም እሄዳለሁ... ከወንበሬ የሚያስነሡኝ የኣያ ገብሩ ቀጣይ የሐኪም ቀጠሮ ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው።