ቤቱን ማን አቃጠለው?

ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ቁልፎችና ከተበጣጠሰ ክር ሥር የጣት አንጓ የማታህል የኮፒያ እርሳስ አገኘሁና፣ ሳላስበው እንደ ልጅነቴ ጫፏን ምላሴ ላይ ነካ አደረግኋት። ያ ብረት ብረት የሚል መራራ ጣዕም አፌን ሲሞላው፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ከአባቴ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ጣልያን ደሴን ከያዘ ሁለተኛው ዓመት ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ሲሆን አዲሶቹ ሹሞች አስተርጓሚ ሁን ቢሉት፣ ጆሮዬ አይሰማም ብሎ እህል በረንዳ ጆንያ ይሰፋ ጀመር፤ እናቴ ጓሮ ሆና የምታጉረመርመውን ሳይቀር ጥርት አድርጎ የሚሰማ ጆሮ ነበር። እንግሊዝኛ ማስተማር ያሳስር በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው በሩን ገርበብ ያደርግና፣ ቃጫ ቃጫ በሚሸት እጁ ወረቀት ዘርግቶ እኔን ብቻ ያስተምረኛል።

መጻሕፍቱን ስለወሰዱበት ማስተማሪያው የድሮ ተማሪዎቹ ስሕተት ነበር። ዓመታት ሙሉ ሲያርም የኖረውን የተወላገደ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ በእንግሊዝኛ ይጽፍልኝና አቃኚው ይለኛል። አንዱ ተማሪ «ሣር ከበላ በኋላ አባቴ በበቅሎው ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደ» ብሎ ጽፎ ኖሮ፣ እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ እሱ ግን ፈገግ እንኳ ሳይል፣ «መጀመሪያ ማን እንደሆነ ንገሪኝ፤ ከዚያ ምን እንዳደረገ። የቀረው ጌጥ ነው» አለኝ። እርሳሷን እየላስኩ ስጽፍ ምላሴ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ እናቴ ሰው ሲመጣ አፍሽን ግጠሚ እያለች በሎሚ ታሸኝ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ወደ ቤታችን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። አገራቸው ቢስቲማ አጠገብ ሲሆን፣ ወታደሮች ባላቸውን ገድለው ቤታቸውን ካቃጠሉ በኋላ ሆጤ ዘመድ ጋ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ሐሰን ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ የሚገዛው አገር ገብቷል። አንድ ነጋዴ ይዞት በመጣው መልእክት መሠረት ግን፣ የዚያ አገር ሹም ለምን እንደሸሸ ከቤተ ሰቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስረጃ ካላመጣ ልጁን እንደሚመልሱት ነግሮታል። መመለስ ማለት ደግሞ በጣልያን እጅ መውደቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በደሴ በሙሉ ያን ደብዳቤ ሊጽፍ የሚችል ከአባቴ ሌላ ሰው ስለመኖሩ እንጃ።

አባቴ ጻፈ። አንድ ሙሉ ገጽ ሰላምታና እጅ መንሣት አስቀደመ፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ ወደ ጉዳዩ ሲደርስ፣ በአገሩ እሳት ተነሥቶ አንዳንድ ቤቶች እንደጠፉ፣ አባወራውም በዚያው ሰሞን እንዳረፉ ይነገራል ብሎ ጨረሰው። ያን ቀን ባነበብኩት ጊዜ ደነገጥኩ፤ እኔ እንዲህ ብጽፍ ወረቀቱን አጥፎ ይመልስልኝ ነበር። ግን ጸሐፊ የጻፈውን ለባለጉዳዩ መልሶ ማንበብ ወግ ነውና፣ በአማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«መምህር፣ እሳቱ በእግሩ መጣ እንዴ?» አሉ። «ወላሂ፣ ባሌ እንዲያው አላረፈም፤ ደጄ ላይ ተኩሰው ገደሉት። እንግሊዙ ይህን ካላወቀ ልጄን ምን ብሎ ያስቀርልኛል?»

«እትዬ ዘሃራ፣ ደብዳቤው ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ቢያዝ የእርስዎ ስም አለበት እኮ።»

«ይኑርበታ! የተቃጠለው የኔ ቤት አይደል?»

የአባቴ ፊት በሀፍረት ሲቀላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «አቃኚው» አለኝ። ሰላምታውን አንድ መስመር አደረግሁት፤ ወታደሮቹ ባልየውን ደጁ ላይ ተኩሰው ገደሉት፣ ቤቱንም አቃጠሉት፣ ሐሰን ከዚያ ሸሸ፣ ቢመለስ ይገድሉታል ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ዘሃራ ሲነበብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አውራ ጣታቸውን አተሙበት፤ አባቴም ማንም ሳይጠይቀው ከግርጌው የራሱን ሙሉ ስም ጻፈ።

ደብዳቤውን ወደ አሰብ የሚወርድ የካሚዮን ሾፌር ይዞት ሄደ፤ ኮምቦልቻ ኬላ ላይም ተያዘ። እትዬ ዘሃራን ዘመዶቻቸው በዚያው ቀን ወደ ቆላ አሸሿቸው። አባቴን ግን በጠዋት ከቤት ወሰዱትና ኮምቦልቻ አሰሩት። እናቴ በየሳምንቱ አገልግል ተሸክማ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ሹሙ ምን እንዳለው የነገረችኝም እሷ ናት። እሳቱ በራሱ ጊዜ ተነሣ ብለህ አስተካክለህ ጻፍና ቤትህ ግባ ቢለው፣ አባቴ ወረቀቱን ዐይቶ «ይህ ታርሟል» ብሎ መለሰለት። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ጻፍላቸው ብላ ለምናዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት አገልግሉ እንደሞላ ይዛው ተመለሰች፤ በካሚዮን ጭነው ወደ ባሕሩ በኩል እንደወሰዱት ዘበኛው ነግሯታል።

እናቴ ስታለቅስ አብሬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ደብዳቤውን በቃሌ እንደገና ጻፍኩት። አንዲት ቃል አላለሳለስኩም። የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ ከሥሩም የራሴን። የእትዬ ዘሃራ ወንድም ለእሳቸው አድርሶ ጣታቸውን አሳተመና፣ ከጨው ነጋዴዎች ጋር በግመል በቆላው በኩል አወረደው። ደረሰ። ሐሰንን አልመለሱትም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ሐሰን ቤታችን መጣ፤ ጢም ያበቀለ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ሆኖ። እናቴ ምግብ አቀረበችለትና ጓሮ ገባች፤ እሱም እንጀራውን አንዴ ቆርሶ በእጁ እንደያዘ ብዙ ቆየ። የአባቴን መቃብር ሊጠይቅ ነበር የመጣው፤ መቃብር እንደሌለ እኔ ነገርኩት። ያን ቀን በልጅነት ልቤ ጠላሁት፤ ስለዳነ ሳይሆን፣ በአባቴ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ደብዳቤውን እንደነበረ ብትተዪው ምን ነበረበት ትለኝ ነበር። ምን እንደነበረበት አውቃለሁ፤ አባቴ ምናልባት ይኖር ነበር፣ ሐሰንም ምናልባት አይኖርም ነበር። የአባቴ ናፍቆት አንድ ቀን አልቀለለኝም፤ ነገር ግን ያ ወረቀት ዛሬም ቢሰጠኝ ያንኑ እጽፍበታለሁ።

ዘመዶቻችን ስለ አባቴ ሲያነሡ «በጣልያን ጊዜ የጠፋው» ይሉታል፤ ባለፈው ዓመትም የቤተ ሰባችንን ታሪክ የሚያሰባስብ አንድ የዘመድ ልጅ እንዲሁ ብሎ ጽፎ አሳየኝ። ብዕሩን ከእጁ ተቀብዬ ሰረዝኩት። አባቴ አልጠፋም። ወታደሮች ከኮምቦልቻ በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ አልመለሱትም።