የማቋረጫ ጠባቂው ስዕለት

አባቴ ሙዲያንሴ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የዋልጋማ ባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነበር። ባቡር ሲመጣ ቀይና ነጭ የተቀባውን አግዳሚ ያወርዳል፤ ባቡሩ ሲያልፍ ያነሣል። በዚያ ሁሉ ዘመን በእርሱ ተራ ባቡር የገጨው ሰው የለም። ያመሰገነውም የለም። በስድቡ በኩል ግን አልጎደለበትም፤ መንገደኛው ሁሉ አባቴ መንገዱን የሚዘጋው ደስ ስለሚለው ይመስለው ነበር።

እኔ በተወለድሁ በሦስተኛው ወር ሳንባዬ ታሞ ልሞት ደርሼ ነበር ይላሉ። ያን ጊዜ አባቴ ተሳለ። ልጄ ከተረፈች በነሐሴ ለፔራሄራ፣ ለዝሆኖቹ ሰልፍ በዓል፣ ካንዲ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ፤ የእምነታችን መምህር ቅዱስ ጥርስ ያለበት ሣጥን በዝሆን ተጭኖ ሲያልፍም ሁለት እጄን ከራሴ በላይ ገጥሜ አመሰግናለሁ አለ። እኔ ተረፍሁ፤ ስዕለቱ ግን ውሎ አደረ። በበዓሉ ሰሞን ባቡሩ እጥፍ ስለሚሆን ለማቋረጫ ጠባቂ ፈቃድ አይሰጥም። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ካንዲ ሲጎርፍ አባቴ አግዳሚውን ሲያወርድና ሲያነሣ ይውላል። ጡረታ በወጣበት ዓመት እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ አስተማሪም ሆኜ ነበር።

«ዘንድሮ እንሄዳለን» አለ። ዓይኑ በምሽት አላይ ስላለው፣ በበዓሉ መጨረሻ በቀን የሚደረገውን ሰልፍ መረጠ።

ባቡራችን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይነሣል። ከቤት በጊዜ ወጣን፤ እናቴ ኡኩ ሜኒኬ ግን ምንጣፉን ረስታ ኖሮ ከግማሽ መንገድ ተመለሰች። ያለ ምንጣፍ ደግሞ አይኬድም፤ ሰልፉ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቦታ ያለው ምንጣፍ ያነጠፈ ነው። ማቋረጫው ስንደርስ አግዳሚው ወረደ። ጣቢያው ከሐዲዱ ማዶ ነው።

እናቴ ምንጣፉን በብብቷ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ከአግዳሚው ሥር ሾልካ አለፈች። ልከተላት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ወርዷል» አለ።

«አባዬ፣ ባቡሩ ገና መታጠፊያው ጋ ነው እኮ!»

«ወርዷል አልኩሽ።»

«ሙዲያንሴ!» ብላ እናቴ ከማዶ ጮኸች። «ና እንጂ፣ ማን ያይሃል?»

«እኔ አያለኋ!»

«ጡረታ ወጥተሃል እኮ! ደመወዙን መልሰህ፣ ቆቡን መልሰህ፣ ግትርነቱን ብቻ ይዘህብን መጣህ?»

በአባቴ እግር የተተካው ፒያራትና፣ ሥራውን ከእርሱ የተማረ ጎልማሳ ነበር። አዘነልንና ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ።

«ጋሼ፣ ይለፉ። እኔ አላየሁም» አለ።

ነገሩ ባሰ። «አላየሁም? እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኩህ? እንኳን እኔ፣ ንጉሥ ቢመጣ አይለፍ!»

ባቡሩ መጣ፤ አለፈን፤ ጣቢያው ላይ አንድ ደቂቃ ቆመ። አግዳሚው ተነሥቶ እስክንሮጥ ድረስ የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባውን ሰጥቶን ይሄድ ነበር።

በአውቶቡስ ሄድን። እናቴ በመንገድ ላይ እርሱን አንዲት ቃል አላናገረችውም፤ ስለ እርሱ ግን ለአውቶቡሱ ሁሉ ተናገረች። ሁለት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት ተቀምጠናል፤ አባቴ በሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል።

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን ትተውት አልሄዱም?» አላት አንድ ተሳፋሪ።

«ስዕለቱ የእሱ ነዋ! እኔ ብቻዬን ዝሆኑ ፊት ቆሜ ምን ልበል? ባሌ ሐዲድ ዳር ቀርቷል ልበል?»

አቀበቱ ላይ ሞተሩ ተንፍሶ ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ የአባቴ ነጭ ልብስ ከጉልበቱ በታች በዘይት ተለቀለቀ። እናቴ ዘይቱን አየች፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ ይህንንም ለተሳፋሪው ነገረች።

ካንዲ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። የመንገዱ ዳር ከትናንት ጀምሮ ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስንባረር ቆየን። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ሴትዮ በሙዝ ቅጠል የተቋጠረ ሩዟን እየበላች፣ አጠገቧ ያለውን ክፍት ቦታ በክርኗ ከለለችብን።

«ተይዟል። እህቴ ልትመጣ ነው።»

«እህትሽ ከየት ነው የምትመጣው፣ በእግሯ ከኮሎምቦ ነው?» አለቻት እናቴ።

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። እናቴ ሳቁ ሳይበርድ ነገሩን ዘረገፈችው፤ ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ያደረ ስዕለት እንዳለበት፣ እኔም በስዕለቱ የተረፍሁት ልጅ እንደሆንሁ ተናገረች። ሴትዮዋ ማኘኳን ትታ አየችኝ።

«ይቺ ናት? በሉ ጋሼ፣ ከፊት ይቀመጡ። እግርዎን ብቻ ከሩዜ ያርቁልኝ።»

አባቴ ከፊት፣ አስተናባሪዎች መንገዱን ከከለሉበት ገመድ ሥር ተቀመጠ። ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ፤ የዘይቱን እድፍ አጥፎ ደበቀ። ሰልፉን የሚከፍቱት ሰዎች ጅራፍ ጮኸ፤ ከበሮው መጣ፤ ዘፋኙና ዝሆኑ ተከታትሎ አለፈ። ኋላም ሣጥኑን የተሸከመው ትልቁ ዝሆን የሚረግጠው ነጭ ጨርቅ በመንገዱ ላይ መዘርጋት ጀመረ። አባቴ ሁለት መዳፉን ገጠመ።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን የነበረው ሕዝብ ሣጥኑን ለማየት በአንድነት ተነሥቶ ገፋ። ማዕዘኑ ላይ የነበሩት ሁለት አስተናባሪዎች ገመዱ ከእጃቸው አመለጣቸው። ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶችና ሕፃናት በደረታቸው ወደ መንገዱ ተንሸራተቱ። አባቴ ብድግ አለ፤ ጀርባውን ለሰልፉ፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ።

«ወደ ኋላ! አልተነሣም! አግዳሚው አልተነሣም!»

ሕዝቡ ምን ዓይነት አግዳሚ ነው ብሎ ደንግጦ ይሁን እንጃ፣ ቆመ። እኔ በአባቴ ትከሻ በኩል ዝሆኑን አየሁት፤ በጀርባው ላይ የሚያበራውን ሣጥንም አየሁ። «ሳዱ! ሳዱ!» እያለ፣ እያመሰገነ ሰዉ ሁሉ እጁን ከራሱ በላይ አነሣ።

«ሙዲያንሴ! ዙር! ዙርና እጅህን አንሣ!» ብላ እናቴ ጮኸች።

ሊዞር አልቻለም። አንዱን እጁን ቢያነሣ ሕዝቡ በዚያ በኩል ይፈስሳል። አስተናባሪዎቹ ገመዱን መልሰው እስኪይዙ ቆመ፤ ከዚያ ሲዞር ያገኘው የዝሆኑን ጅራት ነበር።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ የሩዟን እኩሌታ ብታቀርብለት አልነካውም።

«እነዚያ ባለ ገመዶች ምን ይሠሩ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ስትሠራላቸው ያዩ ነበር» አለች እናቴ።

ወደ ማታ ስንመለስ አውቶቡሳችን ዋልጋማ ማቋረጫ ላይ ቆመ። አግዳሚው ወርዷል፤ ባቡር ግን የለም። አምስት ደቂቃ ሆነ፤ አሥር ደቂቃ ሆነ። ተሳፋሪው ጠባቂውን መራገም ጀመረ። አባቴ ድንገት አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ፒያራትና! ምን ሆነህ ነው? ክፈት እንጂ!»

እናቴና እኔ ተያየን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ ፒያራትና ባንዲራውን ይዞ እየቀረበ። «ባቡሩ ገና ነው እኮ። ስዕለቱንስ አደረሱ?»

አባቴ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። የቆሸሸ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ አበሰ።

«ለከርሞ» አላት እናቴን፣ «ምንጣፉን ከዋዜማው አውጪው።»

«ምንጣፉን ደጃፍ አሳድረዋለሁ» አለች። «አንተን ግን እጅህን አስሬ ነው የምወስድህ።»